የፎቶግራፉ ጀርባ ለምን ባዶ ሆነ?

ከዕረፍት የተመለሰ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፤ አንደኛው ከቤት የተቋጠረለት በሶና ቆሎ፣ ሁለተኛው በመንገድ ያነሣው ፎቶግራፍ ነው። ቆሎው ከሦስት ቀን አያልፍም። ይሁን እንጂ እፍኝ የዘገነ ሁሉ «ይህን ማን ቆላው?» ብሎ ይጠይቃል፤ «እናቴ ናት» ሲባልም «እጇ ይባረክ!» ሳይል አይነሣም። ፎቶግራፉ ግን ዓመት ሙሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይኖራል፤ በውስጡ የምትታየው ሴት የማን እናት እንደ ሆነች፣ ስሟ ማን እንደሚባል፣ ምን ይዛ ወዴት ትሄድ እንደ ነበረ የሚጠይቅ አይገኝም። የቆሎውን ያህል እንኳ ክብር ያላገኘ ፊት ስንቱ ነው!

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ይኸው ነገር ነው። እኛ ፎቶግራፍ ማንሣትን ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለን የያዝን ተማሪዎች ነን። ከመካከላችን ደኅና ካሜራ ያለው ጥቂት ነው፤ የሚበዛው በእጅ ስልኩ ያነሣል፤ አንዳንዱም ከአጎቱ የወረሰውን አሮጌ ካሜራ ፊልም ባገኘ ጊዜ ብቻ ያወጣዋል። ከየዕረፍቱ በኋላ ተሰብስበን ያመጣነውን እርስ በርሳችን እንተያያለን፤ እንነጋገርበታለንም። ልማዱ መልካም ነው፤ ይቀጥል እንላለን። ነገር ግን ንግግሩን ከዳር ሆኖ ላዳመጠ ሰው ጥያቄዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ «በምን አነሣኸው?»፣ «ስንት ሰዓት ላይ ነበር?»፣ «ብርሃኑ ከወዴት ነው የመጣው?» ከዚያም «ግሩም ነው!» ይባልና ወደሚቀጥለው ይታለፋል። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ላሊበላን፣ ጎንደርን፣ ሐረርንና ስሜንን ዞረን፣ ከአንድም ሰው ጋር ሳንተዋወቅ እንለያያለን።

የምንለው አጭር ነው። የሰውን ፊት በፎቶግራፍ ማንሣት መበደር ነው። የተበደረ ሰው ደግሞ ያበደረውን ሰው ስም ያውቃል፤ የተበደረውንም ይመልሳል። እንግዲህ የጉዞ ፎቶግራፍ ይዞ በጓደኞቹ ፊት የሚቆም ተማሪ ስለ ካሜራው ከመጠየቁ በፊት ስለ ዕዳው ሊጠየቅ ይገባዋል። ጠያቂዎቹም እኛው ነን፤ ሌላ የሚጠይቀው የለምና።

ይህች መጽሔት ፎቶግራፍ አታትምም። የማባዣው መሣሪያ ፊደሉን ለይቶ ካወጣልን አመስግነን እንቀበላለን፤ ፊት እንዲያወጣ ብንጠይቀው ግን ጥላሸት ይሰጠናል። ጉድለቱ ለዛሬው ጉዳያችን ጠቀመን እንጂ አልጎዳንም። ለምን ቢሉ፣ ፎቶግራፉን ለማያየው አንባቢ በቃል መንገር ግድ ሆኖብናል፤ በቃል ለመንገር ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል። አንባቢም ይህን መፈተኛ በራሱ ፎቶግራፍ ላይ ይሞክረው። ለማያየው ሰው ሦስት መሥመር ሊነገርለት ያልቻለ የሰው ፎቶግራፍ፣ ያነሣው ሰው የተነሣውን ሰው አላየውም ማለት ነው።

ለምሳሌ የምናቀርበው ከአቦምሳ የመጡትን ፎቶግራፎች ነው። አቦምሳ በአርሲ የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ የአርሲ ደጋ ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚወርድበት በኩል ትገኛለች። ከአንባቢዎቻችን የሚበዙት አቦምሳን አላዩዋትም። «መርቲ» የሚለውን ስም ግን የማያውቅ ያለ አይመስለንም፤ በቆርቆሮ ታሽጎ በየሱቁ ሲሸጥ ከኖረው የቲማቲም ድልህ ላይ አንብቦታልና። የአገሩን ስም ከቆርቆሮ ላይ እያነበቡ የአገሩን ሰው ፊት ሳያውቁ መኖር እንደሚቻል ይህ ብቻውን ያስረዳል። የጎብኚው መንገድ በአቦምሳ በኩል አያልፍም። ታሪካዊ ሕንፃ የሚፈልግ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ወደ አርሲ የሚዘልቅ ካለም ጭላሎ ተራራን ለማየት ወደ አሰላ፣ እነ ደራርቱ ቱሉን፣ እነ ቀነኒሳ በቀለንና እነ ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራውን ምድር ለማየት ወደ በቆጂ ይሄዳል፤ እዚያም ሲደርስ ሌላውን ሰው ሁሉ ትቶ በጧት ጭጋግ ውስጥ የሚሮጥ ልጅ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ጓደኛችን ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ከአቦምሳ ገበያ ሃያ ያህል ፎቶግራፍ ይዞ በመጣ ጊዜ ደስ አለን።

ከነዚያ መካከል አንደኛው እንዲህ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ እናት በገበያው ዳር ቆመዋል። በቀኝ እጃቸው ቀጭን፣ ቀጥ ያለ በትር ይዘዋል። ከኋላቸው ጆንያ የተጫነ አህያ አለ። ፀሐዩ ከጎን ስለ ሆነ የፊታቸው መሥመር ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ውይይቱ እንደ ልማዱ ተጀመረ። አንዱ የብርሃኑን አወራረድ አደነቀ። ሁለተኛው አህያው ከፎቶግራፉ ቢወጣ ኖሮ ይሻል ነበር አለ። ሦስተኛው ደግሞ «ምርኩዝ የያዙ አሮጊት» የሚል አርእስት ይሰጠው ብሎ አሳብ አቀረበ። በዚህ ጊዜ ከአርሲ የመጣች አንዲት እኅታችን «ምርኩዝ አይደለም፤ ሲንቄ ነው» አለች።

ሲንቄ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው በትር ነው። ለመደገፊያ የተሰጠ አይደለም፤ የባለትዳር ሴት የክብሯና የመብቷ ምልክት ነው። በአንዲት ሴት ላይ በደል በደረሰ ጊዜ የአካባቢው ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩም ጥፋቱን አምኖ ሳይክስ አይመለሱም። ሁለት ወገኖች ሲጣሉ ሴቶች ሲንቄ ይዘው በመካከል ከገቡ፣ ያን አልፎ መማታት ነውር ነው። እኅታችን ይህን አጠር አድርጋ ነገረችን። እነሆ «ምርኩዝ የያዙ አሮጊት» ተብሎ ለርኅራኄ ሊቀርብ የነበረው ፎቶግራፍ የአንዲት ባለመብት እናት ፎቶግራፍ ሆነ። ብርሃኑ ያው ነው፤ አህያውም በስፍራው አለ። የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው፤ የለወጠውም አንድ ቃል ነው። ያን ቃል ደግሞ ካሜራው ሊያውቀው አይችልም፤ የመጣው ከውይይቱ ነው።

ከዚያ በኋላ «ስማቸው ማን ይባላል?» ተብሎ አንሺው ተጠየቀ። አልጠየቃቸውም ነበር።

ስለ ብርሃንና ስለ ካሜራ መነጋገር ከንቱ ነው ማለታችን እንዳይመስል ሁለተኛ ምሳሌ እንጨምር። ሌላ ጓደኛችን ከአሰላ አቅራቢያ ያመጣው ፎቶግራፍ ነው። ከላይ ደመናው በጭላሎ አናት ላይ ተቆልሎ፣ ከታች ገብስ የሚያጭዱ አምስት ሰዎች ይታያሉ። ደመናው እጅግ ያምራል። የአምስቱ አጫጆች ፊት ግን ከሰል ሆኗል፤ ወንድ ይሁኑ ሴት፣ ይሳቁ ይዘኑ አይለይም። «ፀሐዩ ነው» ተባለ። ፀሐዩ ግን ጥፋት የለበትም። ካሜራ ብርሃንን ይለካል እንጂ ሰውን አያውቅም፤ መለኪያው ለደመናው ከተደረገ ከደመናው በታች ያለው ጥቁር ፊት ይጠፋል፤ ለፊቱ ከተደረገ ሰማዩ ይነጣል። በደጋ ቀትር ባርኔጣ ወይም ነጠላ ያጠላበትን ፊት ለማውጣት አንሺው አንዱን መምረጥ አለበት። እንግዲህ ያ ፎቶግራፍ የሚነግረን ስለ ፀሐዩ ሳይሆን ስለ ምርጫው ነው፤ ደመናው ከአምስት ሰው በልጦ ተገኝቷል።

ይህ ነገር ከእኛም በፊት ታሪክ አለው። የአሜሪካው የኮዳክ ኩባንያ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ ቀለም ማስተካከያ እንዲሆን ለየፎቶግራፍ ማጠቢያ ቤቱ ይልከው የነበረው መለኪያ የአንዲት ነጭ ሴት ምስል ነበር፤ በመጀመሪያይቱ ሴት ስም «ሸርሊ» ይባል ነበር። ቀለሙ ለእርሷ ፊት ልክ ከሆነ ልክ ነው ይባላል። የጥቁር ሰው ፊት በዚያ ፊልም ላይ ለብዙ ዓመታት በደንብ ሳይለይ ኖረ። ስለዚህ «በምን አነሣኸው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ጠልቆ ቢጠየቅ ወደ ሰውዬው ፊት ይመልሰናል። እኛ የምንነቅፈው ጥያቄውን ሳይሆን በጥያቄው ላይ መቆሙን ነው።

ወደ ስሙ ጉዳይ እንመለስ። በ10 ሣንቲም ላይ የተቀረጸውን የደጋ አጋዘን የማያውቅ የለም። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ ከሚኖርባቸውም ስፍራዎች አንዱ የአርሲ ተራሮች ናቸው። የአገሩ ባላገር ከጥንት ጀምሮ ያውቀው ነበር። የሳይንስ መዝገብ ያወቀው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1908 አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ ከገደለው በኋላ ነው። በ1910 ሪቻርድ ሊዴከር የተባለው ሊቅ ሲመዘግበው ሳይንሳዊ ስሙን በአዳኙ በበክስተን ስም አደረገው። እስከ ዛሬም የገዳዩ ስም ከእንስሳው ጋር ይጠራል። እኛስ ከገበያ ያመጣነውን ፊት ግድግዳ ላይ ሰቅለን ከሥሩ የራሳችንን ስም ብቻ ስንጽፍ የምናደርገው ከዚህ በምን ይለያል? የተነሣው ይረሳል፤ ያነሣው ይታወሳል።

ይህ ልማድ ከየት መጣብን ብለን ስንጠይቅ አንዱ ምንጭ የጉብኝት ማስታወቂያ ይመስለናል። በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት ተቋቁሞ አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በመሩት ጊዜ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለው መፈክር ተፈጠረ፤ የአክሱም፣ የላሊበላ፣ የጎንደርና የባሕር ዳር ጎዳና ለዓለም ተከፈተ፤ ባማሩ ፎቶግራፎች የታተሙ ማስታወቂያዎችም በየአገሩ ተሰቀሉ። አገርን ያስተዋወቀ ታላቅ ሥራ ነውና አንነቅፈውም። በ2008 ዓ.ም. መፈክሩ «ምድረ ቀደምት» በሚለው ቢተካም የማስታወቂያው ጠባይ ያው ነው፤ ሥራው እንግዳ መጥራት ነው። እንግዳ ለመጥራት ያማረ ፊት ይበቃል፤ ስም አያስፈልግም። እኛ ግን እንግዳ ጠሪዎች አይደለንም፤ የቤቱ ልጆች ነን። የቤት ልጅ አክስቱን «የባህል ልብስ የለበሰች ሴት» ብሎ አይጠራም።

ማስታወቂያን መኮረጅ የት እንደሚያደርስ ለማየት ወደ ኦሞ ሸለቆ መመልከት ይበቃል። የሰው ባሕል አጥኚው ዴቪድ ተርተን በፈረንጅ አቆጣጠር በ2004 ስለ ሙርሲዎችና ስለ ጎብኚዎች በጻፈው ጥናት አርእስት ላይ ጎብኚዎቹን «ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሰዎች» ይላቸዋል። በዚያ አገር ሰው ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ብር ይቀበላል፤ ብዙ እንዲነሣም ለካሜራው ብሎ ያጌጣል። ጎብኚው ተጭበረበርሁ ይላል፤ ተነሺው ተዋረድሁ ይላል፤ ሁለቱም ሳይተዋወቁ ይለያያሉ። ብር መክፈል ዕዳ መክፈል እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንሻም። ዋጋው ተከፈለ፤ ሰውየው ግን አሁንም ስም የለውም።

«እነዚያ ባዕዶች ናቸው፤ እኛ የአገር ልጆች ነን» የሚል ይኖር ይሆናል። በ2003 ዓ.ም. አይዳ ሙሉነህ በአዲስ አበባ የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስት ስመ ጥር ሆኗል፤ እርሷም የአፍሪካ ገጽ በባዕድ ዓይን ብቻ መታየቱን ስትቃወም ኖራለች። ትክክል ነው፤ ካሜራው በአገር ልጅ እጅ ሊሆን ይገባል። ነገር ግን ካሜራውን የያዘው እጅ የአገር ልጅ ስለ ሆነ ብቻ ዓይኑ የአገር ልጅ አይሆንም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አቦምሳ ገበያ የገባ ተማሪ የገበያተኛውን ቋንቋ ካላወቀ፣ ስም ካልጠየቀ፣ ቡና ካልጠጣ፣ ከፓሪስ ከመጣው ጎብኚ የሚለየው በአውቶቡስ መምጣቱ ብቻ ነው።

ደግሞም «ጨዋታችንን ለምን ታከብዱብናላችሁ? ፎቶግራፍ መተያየት ምን ያህል ቁም ነገር አለው?» የሚለን አይጠፋም። መልሱን ከዩኒቨርሲቲ ታሪክ እናገኘዋለን። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ሸፍኖት ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ወደ ወሎ ተጉዘው የተመለሱ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ያነሷቸው ፎቶግራፎች በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለሕዝብ ታዩ። እነዚያም የጉዞ ፎቶግራፎች ነበሩ፤ ያየው ተማሪም ዝም አላለም። በዚያ ግድግዳ ፊት የቆመ ተማሪ «በምን ካሜራ ተነሣ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችል ነበርን? በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ያነሣው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደግሞ ያው ፊልም የቤተ መንግሥቱ ድግስ በየመካከሉ እየገባበት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለሕዝቡ ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፎቶግራፍ አይተው የሚወያዩ ሰዎች ከአንሺው ያነሰ ኃላፊነት የለባቸውም፤ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ፎቶግራፉን ቁም ነገር ያደረገው የተመልካቹ ጥያቄ ጭምር ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ምስል ብቻውን ሁሉን አይናገርም፤ ከጎኑ የተቀመጠው ምስልና ቃል ንግግሩን ይለውጡታል። የተራበው ሕፃን ያው ሕፃን ነው፤ ከድግሱ ጎን ሲቆም ግን ክስ ሆነ። ይህን ኃይል የያዘ ነገር በ«ግሩም ነው!» የሚታለፍ አይደለም።

አሁን ለተቃራኒው አሳብ ተገቢውን ስፍራ እንስጠው። ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «ፈቃድ ከተጠየቀ ሰው ይደርቃል፤ ክራቫቱን ያስተካክላል፤ የተፈጥሮ መልኩ ይጠፋል» ይላሉ። እውነት አለው። ነገር ግን ሰው የሚደርቀው በመጀመሪያው ደቂቃ ነው። የተቻኮለ አንሺ ያንን ደቂቃ ይዞ ይሄዳል፤ የቆየ አንሺ ግን የሚቀጥለውን ያገኛል። በአርሲ ገበያ «መቃን ኬሰን ኤኙ?» ብሎ ስም መጠየቅ ሦስት ቃል ነው፤ «ገለቶማ» ብሎ ማመስገንም አንድ ቃል ነው። አራት ቃል ለመማር ጊዜ ያጣ ሰው አራት መቶ ፎቶግራፍ ለማንሣት ጊዜ እንዴት አገኘ?

ሌሎች ደግሞ «ይህ ሥነ ጥበብ ነው፤ ጥበብ ስም አይፈልግም» ይላሉ። ስሙ በመታወቁ የብርሃኑ ውበት አይቀንስም፤ ከሲንቄው ፎቶግራፍ ላይም አልቀነሰም። ይሁን እንጂ ስም መጻፉ ሰውየውን የሚያሳፍረው ወይም የሚጎዳው ጊዜ አለ፤ የታመመ፣ የተራበ፣ ወይም ጠብ ያለበት ሰው ስሙ በአደባባይ እንዲሰቀል አይወድም። በዚህ ጊዜ ስሙ በአንሺው ማስታወሻ ደብተር ይቆይ፤ አንዳንድ ጊዜም ፎቶግራፉ ራሱ እዚያው ይቆይ። ስምን አውቆ መሸሸግ አክብሮት ነው፤ ስምን ሳይጠይቁ መቅረት ግን ስንፍና ነው።

ይህን ሁሉ ስንል አዲስ ሕግ ከባሕር ማዶ ያመጣን ለሚመስለው አንባቢ የወላጆቹን አልበም እንዲከፍት እንለምነዋለን። አንዱን ፎቶግራፍ አውጥቶ ጀርባውን ይገልብጠው። «ለማይረሳኝ ወዳጄ ለማስታወሻ ያህል» የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩ ቀኑና ዓመተ ምሕረቱ፣ አንዳንድ ጊዜም የፎቶ ቤቱ ማኅተም ያገኝበታል። በዚያ ዘመን ሰው ወደ ፎቶ ቤት የሚሄደው በፈቃዱ ነበር፤ የሚለብሰውን ራሱ መርጦ፣ ከሌለውም ኮትና ክራቫት ከጓደኛው ተውሶ፣ መቼና ከማን ጋር እንደሚነሣ ራሱ ወስኖ ነበር። ፎቶግራፉም የእርሱ ነው፤ ለወደደው ጽፎ ይሰጠዋል። በቅርብ ዓመታት «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም ከየሰው ቤት የተሰበሰቡት የድሮ ፎቶግራፎች ብዙ ሰው የወደዳቸው ስለ ካሜራቸው ጥራት አይመስለንም፤ እያንዳንዱ የሰው ታሪክ ይዞ ስለሚመጣ ነው። እንግዲህ በወላጆቻችን ዘመን ፎቶግራፍ ፊትም ጀርባም ነበረው። የእኛ የጉዞ ፎቶግራፍ ፊቱ እጅግ ጠርቷል፤ ጀርባው ግን ባዶ ሆኗል።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ዕረፍት ጀምሮ የሚከተለው ይደረግ ዘንድ ለጓደኞቻችን ሁሉ አሳብ እናቀርባለን።

1ኛ. ሰው ተለይቶ የሚታይበት ፎቶግራፍ ሁሉ ከጀርባው ወይም ከሥሩ ስም፣ ስፍራና ቀን ይጻፍበት። ለሰውየው ክብር ሲባል ስሙ ካልተጻፈም አንሺው ምክንያቱን ይናገር።

2ኛ. በውይይታችን የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ናቸው? ምን አሉህ?» ይሁን። ስለ ካሜራው የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

3ኛ. የዚያ አገር ልጅ በመካከላችን ካለ ከሁሉ በፊት እርሱ ይናገር። ዩኒቨርሲቲ ከየማዕዘኑ የመጣ ተማሪ የሚገኝበት ስፍራ ነው፤ ይህን ሀብት ይዘን አርእስት በግምት መስጠት አያስፈልገንም።

4ኛ. ማንም ሰው ከአሥር ፎቶግራፍ በላይ አያቅርብ። መቶ ፎቶግራፍ ያየ ዓይን አንዱንም አያይም።

5ኛ. ለተነሣው ሰው አንድ ቅጂ ይመለስለት። ለሁሉም ማሳተም ከባድ ነው የሚል ቢኖር፣ በወር አንድ ቀን ሻያችንን ትተን ብናዋጣ ለብዙ ቅጂ ይበቃል። ለማድረስም ፖስታ ቤት አያስፈልገንም፤ በየዕረፍቱ ወደ አርሲ፣ ወደ ወሎ፣ ወደ ከፋ የሚሄድ ተማሪ አለና በእርሱ እንላክ። ተመልሶም ሰዎቹ ፎቶግራፋቸውን ባዩ ጊዜ ያሉትን ይንገረን። ከውይይታችን ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ ከፎቶግራፍ በላይ የሆነበትን ምክንያት ተናግረን እንጨርስ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዚህ ወጥተን በየመሥሪያ ቤቱ እንበተናለን፤ አንዱ መምህር፣ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ ጋዜጠኛ፣ አንዱ የወረዳ ሹም ይሆናል። ያን ጊዜ ባላገሩ በበራችን ላይ ይቆማል። የባላገሩን ፊት እያደነቁ ስሙን ሳይጠይቁ ማለፍ የለመደ ተማሪ፣ ጠረጴዛ ባገኘ ጊዜ ልማዱን የሚተው አይመስለንም፤ መልኩን ብቻ ይቀይረዋል። ዛሬ ፊቱን ያለ ስም የምናይ፣ ነገ ስሙን ያለ ፊት በመዝገብ ላይ እንጽፋለን። ሁለቱም ሰውየውን ግማሽ ያደርጉታል። ሰውን ሙሉ አድርጎ ማየት የሚለመድ ነገር ከሆነ፣ በመዝናኛ ሰዓታችን መለማመድ ከመጀመር የሚቀል መንገድ የለም።

የአቦምሳዋ እናት ፎቶግራፍ አሁንም በእጃችን ነው። ሲንቄያቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ አህያውም ከኋላቸው አለ። ከጀርባው ግን አንድም ፊደል የለም። ወደዚያ የሚሄደው ጓደኛችን በሚቀጥለው ዕረፍት ሁለት ቅጂ ይዞ ይሂድ። በገበያ ቀን ጠይቆ ይፈልጋቸው፤ አንዱን ለእርሳቸው ይስጣቸው፤ ሁለተኛውን ስማቸው ተጽፎበት ይመልስልን።